ዱባይ ላይ ቤት ለመግዛት ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ተጠንቀቁ

ዱባይ ላይ ገና በግንባታ ላይ ያለ አፓርታማ የሚያሻሽጡትን ደላሎች ታውቋቸዋላችሁ። በሆቴል አዳራሽ ሰው ሰብስበው የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ ያሳያሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው ይቀበላሉ፤ ጠዋት ፓልም ጁሜራን፣ ከሰዓት በኋላ ዱባይ ማሪናን አስጎብኝተው ሲመሽ የሽያጭ ቢሮ ያስገባሉ። እዚያም በመብራት ያሸበረቀውን የሕንፃ ሞዴል እያዞሩ «የቀረችው ይህቺ አንዲት ቤት ብቻ ናት» ይላሉ። ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልደግመውም። የምጽፈው ትናንት የደረሰብኝን ነው። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈውም ነገ ሌላ ሰው እዚያው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ስለማውቅ ነው።

ደላላው የአገራችን ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ «እህቴ» እያለ ነበር የሚያናግረኝ። ገንዘቡ ዓመታት በሰው አገር ሠርቼ ያጠራቀምኩት መሆኑን ነግሬዋለሁ፤ አሳምሮ ያውቃል። ቤቱን ከገዛሁ የ10 ዓመት መኖሪያ ፈቃድ እንደማገኝ፣ የኪራዩ ገቢ የተረጋገጠ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 55,000 ድርሃም ቀብድ ከፍዬ ሐሳቤን ብቀይር፣ ውል እስካልፈረምኩ ድረስ ገንዘቡ ምንም ሳይጎድል እንደሚመለስልኝ ደጋግሞ አረጋገጠልኝ። 55,000 ድርሃም 15,000 ዶላር ገደማ ነው። ከፈልኩ።

የውሉ ረቂቅ ሲደርሰኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቤቱ የ1.1 ሚሊዮን ድርሃም ነው፤ የ10 ዓመቱ ወርቃማ ቪዛ የሚሰጠው ግን ቢያንስ የ2 ሚሊዮን ድርሃም ንብረት ላለው ነው። ስለ ተረጋገጠ ኪራይ አንድም ቃል አልተጻፈም። ለዱባይ የመሬት መምሪያ የሚከፈለው የዋጋው 4 በመቶ «በእኛ ነው» ተብሎልኝ ነበር፤ ረቂቁ ግን በገዢው ላይ ጥሎታል፤ እርሱ ብቻውን 44,000 ድርሃም ነው። ገንቢው ኩባንያ ርክክቡን ሲፈልግ በ12 ወር ማራዘም ይችላል። በየዓመቱ ስለሚከፈለው የሕንፃ አስተዳደር ወጪ ደግሞ ከዚያ በፊት ያነሣብኝ ሰው አልነበረም።

አልፈርምም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ አልኩ። ትናንት ቢሯቸው ጠሩኝ።

ሥራ አስኪያጁ ፋይሌን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ቀብዱን የከፈልኩ ዕለት የፈረምኩበት ቅጽ ነው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዓረብኛ። እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወስዶ ከአንድ ደቃቃ መስመር ሥር አቆመው። የተከፈለው ገንዘብ የማማከር አገልግሎት ዋጋ ነው፣ አይመለስም ይላል። ያን ዕለት «እዚህ ጋ ፈርሚ እህቴ» ብሎ ቦታውን ያሳየኝ ደላላው ነበር። መዳፉ የወረቀቱን ግርጌ ሸፍኖ እንደነበር አሁንም በዓይኔ ላይ አለ።

ወደ እርሱ ዞርኩ። «ውል እስካልፈረምሽ ይመለሳል ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ፊቱን ወደ አለቃው እንዳዞረ፣ በእንግሊዝኛ፣ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገርኩም፤ ደንበኛዋ አውቀው ፈርመዋል» አለ። ሻንጣዬን ከአውሮፕላን ማረፊያ የተሸከመው ልጅ ነው። እናቴን በስልክ «አይዞዎት እማማ፣ እኔ ከጎኗ አለሁ» ያላት እርሱ ነው። ገንዘቡ ካንገበገበኝ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እየነካካ «ይህን ያህል ገንዘብ የሚያሳስበው ሰው ዱባይ ላይ ቤት መግዛት የለበትም» አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ቡናና ቴምር ይዛ የተንበረከከችልኝ ሠራተኛ፣ ውሃ ስጠይቃት በአገጭዋ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። በመስታወቱ ማዶ አንድ ባልና ሚስት ሞዴሉን ከበው ቆመዋል። ሻጩ የሚያሳያቸው የእኔኑ ወለል ነው፤ የቤቱን ቁጥር ሲጠራ ሰማሁት፤ ያው የእኔ ቁጥር ነው። የቀረችው ይህቺ አንዲት ቤት ብቻ ናት እያላቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደረሰኜን ይዤ ነገሩን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። በዱባይ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሕግ ቁጥር 8 መሠረት፣ ገና ያላለቀ ቤት የሚሸጥ ኩባንያ ከገዢዎች የሚሰበስበው ገንዘብ ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ በተከፈተ የአደራ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ለግንባታው እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይወጣም። የእኔ ገንዘብ የገባው በደላላው ድርጅት ተራ ሒሳብ ነው። ሽያጩም ኡቁድ በሚባለው የመሬት መምሪያው ጊዜያዊ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በመንግሥት መዝገብ ዘንድ እኔ ምንም አልገዛሁም ማለት ነው። በዚያች በአንዲት ቤት ቁጥር ከስንት ሰው ቀብድ እንደተቀበሉ ፈጣሪ ይወቀው።

«ለምን በደንብ አላነበብሽውም?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በመዳፍ የተሸፈነ መስመር አይነበብም። ጥፋቱ የሸፈነው ሰው ነው፤ ይህን ማንም ወደ እኔ እንዲያዞርብኝ አልፈቅድም።

ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት ዱባይ ሬስት በተባለው የመሬት መምሪያው የስልክ መተግበሪያ የደላላውን ፈቃድና የፕሮጀክቱን ምዝገባ ተመልከቱ። የሒሳቡ ባለቤት ስም የፕሮጀክቱ የአደራ ሒሳብ ካልሆነ አንዲት ድርሃም አትላኩ። በቃል የተነገራችሁን ሁሉ አጽፉ። ቀብድ የከፈላችሁም ዛሬውኑ ደረሰኛችሁን አውጥታችሁ ገንዘቡ ለማን፣ ለምን ጉዳይ እንደተከፈለ አንብቡ። እኔ ነገ የሪል እስቴት ተቆጣጣሪው ሬራ ዘንድ አቤቱታዬን አቀርባለሁ፤ «የማማከር አገልግሎት» የሚል ደረሰኝ በእጁ ያለ ሰው ካለ አብረን እናመልክት።