ጎርጎራ ወፍ ለማየት የምትወርዱ፣ እኒህን ባለጀልባ ፈልጉ

ገደሉን ሰሜን ተራራ ያሳያችኋል፤ የውሃ ዳርና የውሃ ወፍ ለሚፈልግ ግን የጎንደር ሰው መንገዱ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ ጎርጎራ ነው። እዚያ ወደቡ ላይ ሁሉም «አያ» የሚሏቸው አንድ ባለጀልባ አሉ። እግዜር ይስጥልን፣ አያ!

ጣና ላይ ጀልባ የያዘ ሁሉ ወፍ አያሳይም። ሞተሩን እያስጓራ መንጋው መሀል የሚገባ አለ። ፔሊካን የሚባለው ትልቅ የውሃ ወፍ ከባድ ነው፤ ለመነሳት ውሃውን በእግሩ እየመታ መንደርደር አለበት፣ አንዴ ከተነሳ ያ ጠዋት አለቀ። ባለጀልባው ግን «አይታችሁ የለ?» ብሎ ሂሳቡን ይጠይቃል፤ ለጀልባው በሙሉ የተዋዋለውን ዋጋ መሀል ሐይቅ ላይ በሰው ቁጥር ያደርገዋል። ላይፍ ጃኬት ሲጠየቅ የሚስቅም አለ። ስም አንጠራም።

አያ ፀሐይን ከጀርባ አድርገው፣ በነፋሱ መምጫ በኩል ዞረው ይጠጋሉ። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀር ሞተሩን ያጠፉና ጀልባውን ለነፋሱ ይተዉታል። ወፍ ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ስለሚቀመጥ የምታዩት ጅራቱን ሳይሆን ምንቃሩን ነው። አንዱ ፔሊካን አንገቱን ቀና ካደረገ ጀልባዋን በመቅዘፊያው ገታ ያደርጓታል፤ ቀና ማለቱ ሊነሳ ነው ማለት ነዋ።

እምቦጭ ላይ ደግሞ እዩአቸው። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሌላው ጋዝ ይጨምራል፤ ማቀዝቀዣው ውሃ መሳብ ያቅተውና ሞተሩ ይግላል። እርሳቸው ወዲያው ያጠፋሉ፣ ሞተሩን ከውሃ ያነሳሉ፣ በቢላ ቆርጠው ያጸዳሉ። ሲያስነሱ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መትፋቱን ሳያዩ ንቅንቅ አይሉም። ይህች ትንሽ ነገር ናት መሀል ሐይቅ ከመቅረት የምታድነው።

ከጎንደር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፤ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ውሃው የሚረጋው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሳል፣ አያም ለምናችሁ አይወጡም። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሄዳችሁ ከአውሮፓ የሚወርዱትን ክሬን የሚባሉ ባለረጅም እግር ወፎች በዳርቻው ማሳ ላይ ታገኛላችሁ። ክንፉን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ የቆመ ጥቁር ወፍ ካያችሁ ኮርሞራንት ነው፤ ላባው ውሃ ስለሚጠጣ እያደረቀ ነውና አታባርሩት። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፤ እርሳቸው እንደሆኑ ከተናገሩት አይጨምሩም። ለወፍ ዳቦ መወርወር ግን ያስቆጣቸዋል።