በጋላፓጎስ ትንሽ መርከብ ላይ እንቅልፍ እንዴት ነው?
በኢኳዶር የጋላፓጎስ ደሴቶች የሚዘዋወሩ መርከቦች ከ100 በላይ ጎብኚ እንዳይጭኑ በሕግ የተገደቡ ስለሆኑ፣ የግዙፎቹን መርከቦች እርጋታ ከእነርሱ መጠበቅ አይገባም። የተሳፈርንባት መርከብ ምግቧም አስጎብኚዎቿም የሚያስመሰግኑ ነበሩ፤ ችግሩ ሌሊት ነው። ከደሴት ወደ ደሴት የሚኬደው በአብዛኛው መንገደኛው በተኛበት ሰዓት በመሆኑ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው የኋለኛ ክፍላችን የአልጋው እንጨትና በጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ እስኪነጋ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከፊት ያደሩት ደግሞ መልሕቅ ሲጣል በሰንሰለቱ ኳኳታ ይነቃሉ። ባሕሩ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይበልጥ ይናወጣል፤ ያኔ የሚጓዝ ሰው፣ መስኮቱ ጠባብ ቢሆንም (በረንዳ ፈልጎ ላይኛው ወለል የወጣ መወዛወዙንም አብሮ ይገዛል)፣ በታችኛው ወለል መሐል ላይ ያለውን ክፍል ይምረጥ። ለሚንቀጠቀጠውም ለጸጥተኛውም ክፍል እኩል ዋጋ መጠየቁ ግን ተገቢ አይደለም።