አራት ዓይን ኖሮት በአንዱ ብቻ የሚያየው ስልኬ

የገዛሁት ስልክ ጀርባው ላይ ሳምሰንግ ይላል። ሲበራም ሳምሰንግ ይላል። ካርቶኑ ላይ ጋላክሲ ኤስ 23 አልትራ ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ግን ሳምሰንግ አይደለም። 32 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ። ደሴ ውስጥ ስልክ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ የአንድ ብራንድ ወዳጅ ከሆናችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ጥልፍም እጠልፋለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ዐረብ አገር ናቸው፤ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ። ልብሱን በእጃቸው ሳይዳስሱ፣ በቴሌግራም ፎቶውን ብቻ አይተው ነው የሚያዙኝ። ስለዚህ ስልክ ለእኔ እንደ መቀስ የሥራ ዕቃ ነው። ቀለም ካበላሸብኝ እንጀራዬን አበላሸ ማለት ነው።

ከሳምሰንግ ጋር የተዋወቅኩት በ2009 ዓ.ም. በገዛኋት ጄ 7 ነው። ያቺ ስልክ ጀርባዋ ይከፈታል፣ ባትሪዋም ይወጣል። ሁለት ትርፍ ባትሪ ነበረኝ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በለበስነው ልብስ ወጣን። ባትሪዎቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዣቸው ነበር። በጭነት መኪናም በእግርም ብለን ደብረ ብርሃን ስንደርስ የመጨረሻውን ባትሪ ከተትኩና አበራኋት። ኔትወርክ እንዳገኘች ጮኸች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነበር። ስንት ቀን ሲሞክር እንደነበር እሱ ነው የሚያውቀው። "እትዬ፣ አላችሁ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ብራንድ እንድይዝ ማንም ሊያሳምነኝ አልቻለም።

ወንድሜ ራሱ ሞክሮ አልተሳካለትም። እሱ የቴክኖ ሰው ነው። የሚያቀርበው ምክንያት ደግሞ ከንቱ አይደለም። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን መቀመጫው ቻይና ሸንዘን ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል። አማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጥቷል፤ ካሜራውንም ለጠቆረ ፊት እንዲስማማ አስተካክሏል። "እኛን አስበው የሠሩትን ትተሽ ስም ትከተያለሽ" ይለኛል። ከስልክ ወሬ ተነስተን በኩርፊያ የተለያየንበት ቀን አለ። ሰው ለእግር ኳስ ቡድኑ እንደሚሟገት ማለት ነው።

ባለፈው ጥር ግን ጄ 7 ደከመች። መስታወቷ ተሰንጥቋል፣ ቴሌግራም ለመክፈት ደቂቃ ትፈጃለች። ኤስ 23 አልትራን ከድሮ ጀምሮ እመኘው ነበር። ዋናው ካሜራው 200 ሜጋፒክስል ነው። ከሥሩ ተመዝዞ የሚወጣ እስክሪብቶም አለው። እኔን የማረከኝ እስክሪብቶው ነው። የጥልፍ ንድፍ እስከ ዛሬ የምሥለው በልጆቼ ደብተር ላይ ነው። ስልኩ ላይ ሥዬ ወዲያው ለደንበኛ ብልክ ብዬ አሰብኩ። አዲሱ ከ100 ሺህ ብር በላይ ስለነበር ግን አልደፈርኩትም።

አንድ ሞባይል ቤት ገባሁ። የቱ እንደሆነ አልጽፍም። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። "ሳምሰንግ ነው የምፈልገው፣ ሌላ አታሳየኝ" አልኩት። ያን ጊዜ የት ላይ እንደምሸነፍ ራሴ ነገርኩት። "አብሽሪ እህቴ" አለና ስልኩን ከመደርደሪያው ሳይሆን ከመሳቢያ አወጣልኝ። ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው፣ ባለቤቱ ብር ቸግሮት ነው አለኝ። 35 ሺህ ብሎ በ32 ተስማማን። በቴሌብር ላኩለት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

ጨርቅ ስገዛ እንዲህ አልገዛም። መጀመሪያ አንድ ክር እመዛለሁ። በክብሪት አቃጥለዋለሁ። ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው። ናይለን ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ሻጩ ዘመዴ ቢሆንም አቃጥላለሁ፤ ማንም አይቀየመኝም። ስልኩን ግን ስሙን አይቼ ተቀበልኩት። ያቺ ጄ 7 በስንት መከራ ያገኘችውን እምነት አንስቼ ለማላውቀው ቀፎ ሰጠሁት። የፎርጅድ ስልክ ገበያ የቆመው በዚህ ይመስለኛል። ማንም የማይወደውን ስም ማን ይገለብጣል?

ከውጭ ሲታይ ሥራው ያስደንቃል። ክብደቱ፣ የጠርዙ ቅርጽ፣ የጀርባው ጥቁር መስታወት፣ ሁሉም ልክ ነው። መጀመሪያ ያጋለጠው እስክሪብቶው ነው። አንድ ማታ የአንገት ጥልፍ ልሥል ተቀመጥኩ። መስቀሉን ከመሃል ጀምሬ እጄን ስክሪኑ ላይ ሳሳርፍ፣ ከመዳፌ ሥር ወፍራም መስመር ተሠመረ። ብሰርዘው ደግሞ ተሠመረ። የእውነተኛው ስክሪን እስክሪብቶውን ለይቶ ያውቃል፤ በእሱ ስትጽፉ መዳፋችሁን አይቆጥርም። ጫን ስትሉት ይወፍራል፣ ስትለቁት ይቀጥናል። የእኔው ጫፉ ላስቲክ የሆነ ተራ ፕላስቲክ ነበር። ጣትና እስክሪብቶ ለእሱ አንድ ናቸው።

ያን ዝም ብዬ አለፍኩት። ሳልለምደው ነው አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አውቃለሁ፤ ሳምሰንግ ያሳፍረኛል ብዬ ማመን አልፈለግኩም።

ጉዳቱ የመጣው በቀለም ነው። ጅዳ የምትሠራ ደንበኛዬ ለእህቷ ሠርግ ቀሚስ አዘዘች። የጥልፉን ክር ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ክሩ ወይን ጠጅ ነው። በስልኩ ላይ ግን ደማቅ ቀይ ሆኖ ወጣ። እሷም "ይሄ ቀይ ልቤን ገባ" አለች። እኔ እጄ ላይ ያለውን ክር ነው የማየው፣ ስሙን አልተጠያየቅንም። ቀሚሱ ሲደርሳት ለቅሶ ቀረሽ ድምፅ ላከችልኝ። ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው፤ አልፈረድኩባትም። ሌላ ቀሚስ በነፃ ሰፋሁላት። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጥገና ቤት የሄድኩት። ወደ ቧንቧ ውሃ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ሁለት ሰው የማታስቀምጥ ሱቅ ናት። ልጁ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ቀፎውን ተቀብሎ *#0*# ጻፈ። ጋላክሲ ከሆነ በአብዛኛው የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን አንድ በአንድ ለማየት። የእኔው ዝም አለ። ቀጥሎ *#06# ጻፈ። ይህ በማንኛውም ስልክ ላይ ይሠራል፣ 15 አሃዝ ያለውን የቀፎ መለያ ቁጥር ያወጣል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሃዞች ሞዴሉን ነው የሚናገሩት። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ኢንተርኔት ላይ ሲያየው ጭራሽ የሌላ ርካሽ ቀፎ ሆኖ ተገኘ። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብቶም አሳየኝ፤ መሣሪያው እውቅና የለውም ይላል።

"ልክፈተው?" አለኝ። ክፈተው አልኩት።

ጀርባውን በሙቅ አየር አላልቶ በቀጭን ፕላስቲክ ፈለቀቀው። ከውጭ አራት ትልልቅ ካሜራ ይታያል። ከውስጥ ሽቦ ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ከሽንብራ ፍሬ አይበልጥም። ሦስቱ ቦታ ላይ ምንም የለም። ክብ መስታወት ከሥሩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ በሙጫ ተለጥፏል። በካቻቢቴው ጫፍ አንዱን ገፋ ሲያደርገው ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። እኔ አነሳሁት። የልብስ ቁልፍ ያህል ነው። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ልጁ ዞር ብሎ ውሃ ቀዳልኝ።

ሴቲንግ ውስጥ 512 ጊጋ የሚለውም ውሸት ነው። በኮምፒውተር ሲታይ 16 እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ እንዲታይ ብቻ ተጽፏል። አንድሮይድ 13 የሚለውም እንደዚያው ነው፤ የድሮ ሥሪት ላይ አዲስ ስም ለጥፈውበታል። የባንኬ አፕ እምቢ ይለኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው።

ልጁ ለምርመራው አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም። "እትዬ፣ በሳምንት እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ይመጣልኛል፤ ሊጠገን አይችልም፣ ብር አታባክኚ" አለኝ። ስክሪን ቀይሬልሻለሁ፣ ፍላሽ አድርጌልሻለሁ ብሎ ሁለት ሺህ ብር ቢቀበለኝ አላውቅበትም ነበር። ለዚህች ሱቅ ከአምስት አምስት እሰጣታለሁ። ዕቃውን የሚፈታው ፊታችሁ ነው፣ ብሎኑን እየቆጠረ በክዳን ያስቀምጣል፣ የማይችለውን አልችልም ይላል።

ማታ ማታ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ቻይናዎች እንዲህ ያለውን ስልክ ሻንዣይ ይሉታል። ቃሉ በተራራ ላይ ያለ የሽፍታ ምሽግ ማለት ነው። ዋናው ገበያ ሸንዘን፣ ሁዋቺያንግቤይ የሚባለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሚዲያቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ከነአሠራሩ የተዘጋጀ ቺፕ ለገበያ አቀረበ። ያኔ ትንሽ ወርክሾፕ ሁሉ ስልክ መሥራት ቻለ። የእነዚያ ቀፎዎች አንዳንዶቹ በራሳቸው ስም ቢሸጡ ኖሮ ለዋጋቸው የማያሳፍሩ ነበሩ። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው። የእኔውንም አምስት ስድስት ሺህ ብር ብለው ስሙን ደብቀው ሳይሆን ነግረው ቢሸጡልኝ፣ ለእናቴ መደወያ እገዛው ነበር።

አሁን የያዝኩት ጋላክሲ ኤ 15 ነው። አዎ፣ አሁንም ሳምሰንግ። ወንድሜ ሲሰማ ብዙ ተናገረኝ። ግን ያታለለኝ ሳምሰንግ አይደለም፤ በስሙ የተነገደበት እሱም ነው። በ21 ሺህ ብር፣ አዲስ፣ በደረሰኝ ገዛሁት። ከመክፈሌ በፊት *#06# ጻፍኩ፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳከርኩ። በሱቁ ዋይፋይ ፕሌይ ስቶርን አየሁ። ከቦርሳዬ ወይን ጠጁን ክር አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት። ሻጩ ምን እንደማደርግ አልገባውም፣ ግን ታገሠኝ። ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ።

ስለ ስልኩ ያለኝ አስተያየት እነሆ። ዋናው ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ነው፣ በቀን ብርሃን የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፣ እኔን ቀን ተኩል ያቆየኛል። ሳምሰንግ ለ5 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ እሰጣለሁ ብሏል። በክረምት ጉም የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ሱቄ ሲጨልም ግን ፎቶው ሻካራ ይሆናል፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠም ይደበዝዛል። መስኮት ዳር ወጥቼ ነው የማነሳው። እስክሪብቶም የለውም። ንድፉን አሁንም በልጆቼ ደብተር እሥላለሁ።

ፎርጅዱን ወደገዛሁበት ሱቅ መልሼ ወስጄው ነበር። ልጁ "እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት" አለኝ፣ ብሬን ግን አልመለሰም። ባለፈው ሰኞ፣ ሰኞ ገበያ ክር ልገዛ ወርጄ አንድ ደላላ አገኘሁ። ስለ ስልኩ ሰምቶ ኖሯል፣ በ9 ሺህ ብር ልግዛሽ አለኝ። ምን ታደርገዋለህ ብለው ጀርባውን መልሼ አጣብቄ ለገጠር ሰው አለኝ። ብሩ ያስፈልገኝ ነበር፣ የልጆች ክፍያ ደርሷል። ቤት ገብቼ ቀፎውን ከመሳቢያ አወጣሁ። በመቀሴ ጫፍ ጀርባው ላይ ያለውን ስም ፋቅኩት። ሳምሰንግ የሚለው ጽሑፍ በሦስት ጭረት ለቀቀ። ለትንሿ ልጄ መጫወቻ ሰጠኋት።