የደመናና የወጀብ ፒኤችዲ፦ በሞዴል ወይስ በሳተላይት ዳታ?

ወጪ፦ የሳተላይት ዳታ ነፃ ነው፣ ለጂፒኤም (ዝናብን ከጠፈር የሚለካ የሳተላይት ፕሮግራም) የዝናብ ዳታ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። ሞዴል (አየሩን በኮምፒውተር ቀመር ማስመሰል) ግን ሱፐርኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ተራው የክላይሜት ሞዴል ዓለምን ከሚከፋፍልባቸው ሳጥኖች የአንዱ ጎን 100 ኪሎሜትር አካባቢ ስለሆነ ደመናው ውስጡ ይጠፋና በግምት ቀመር ይተካል፣ እንደ እንግሊዞቹ የአፍሪካ ሞዴል ወደ 4.5 ኪሎሜትር ሲወርድ ነው ወጀቡ ራሱ የሚታየው።

ሪስክ፦ በሞዴል አንድ ራን (ሞዴሉን አንድ ጊዜ ማስኬድ) ከተበላሸ ብዙ ጊዜ ይበላል። በሳተላይት ሪከርዱ አጭር ነው፣ ሴንሰሩም ይቀያየራል። ግን በሳህል (ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው ደረቅ ቀበቶ) ከእ.ኤ.አ 1982 ወዲህ ከባድ ወጀቦች በሦስት እጥፍ መብዛታቸው የታየው በሳተላይት ነው፣ ይሄን አትናቁት!

"ምን ተለወጠ" ለሚል፣ በተለይ ሀገር ቤት ሆኖ ለሚሰራ፣ ሳተላይት ይሻላል ባይ ነኝ። "ሙቀቱ ሲጨምር ወጀቡ ምን ይሆናል" የሚለው ከያዛችሁና ሱፐርቫይዘራችሁ የሱፐርኮምፒውተር ሰዓት ካለው ሞዴል ግቡ።