ቀለም የገባበት ውሃ በኩላንት ዋጋ እየተሸጠ ነው፤ ፒካፕ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ፒካፕ የምትነዱ፣ በተለይ ሰሞኑን ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እዚሁ መሃል አዲስ አበባ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ በታወቀ ኩላንት ጋሎን ውስጥ ገብቶ ይሸጣል። እኔ ላይ ደርሷል። የሱቁንም የጋራዡንም ስም አልጠራም። ዘዴውን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ናፍጣ። የኩላንት ጊዜዋ ደርሶ ሰርቪስ ስትገባ ጋራዡ ዕቃውን ራሱ አቀረበ። ጋሎኑ የታወቀ ምርት ነው። ወረቀቱ አለ፣ ክዳኑ ዝግ ነው፣ ፈሳሹ ደማቅ ቀይ ነው። ዋጋውም የኦሪጅናል ዋጋ ነው፣ ቅናሽ የለውም። ብዙም ሳይቆይ ሽሮ ሜዳን አልፌ እንጦጦን ስወጣ የሙቀቱ መርፌ ከለመደበት ቦታ ተነሳ። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ኮፈኑን ስከፍተው የሪዘርቩ (የትርፍ ኩላንት ማጠራቀሚያው) ፕላስቲክ እስከ አፉ ሞልቶ ይንተከተካል፣ ቀዩ ፈሳሽ በጎኑ ይወርዳል።

ሌላ መካኒክ ጋ ስወስዳት ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው የራዲያተር ክዳኑ ስፕሪንግ መድከሙ ነው። ሁለተኛው ዋናው ነው። መካኒኩ ሪፍራክቶሜትር የምትባል፣ በአንድ ዓይን የምትታይ ትንሽ መሣሪያ አወጣ። ሁለት ጠብታ አድርጎ ወደ ብርሃን ዞሮ አየ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። በውስጧ የሚታየው መስመር ንጹህ ውሃ የሚያሳይበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። "ይሄማ ውሃ ነው" አለኝ። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተርፏል። ትንሽ ብገፋ ኖሮ የቴስታታ ጋስኬት ይቃጠል፣ ቴስታታውም ይጣመም ነበር። ያ ደግሞ ሞተር የሚያስወርድ ሥራ ነው።

"እዚህ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለፈረንጅ አገር ነው፣ ውሃ ይበቃል" የሚሏችሁ አሉ። አትስሟቸው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ቴርሞስታት፣ ማለትም የጋለውን ፈሳሽ ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር፣ ብዙ ጊዜ 80 ዲግሪን አለፍ ሲል ነው የሚከፈተው፣ ዳገት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይሄዳል። በመሃል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ስለሚያነሳው ነው መኪና በየቀኑ የማይፈላው። ክዳኑ ሲደክም ግን የውሃው መፍያ ነጥብ ወደ 92 ዲግሪው ይወርዳል። የኩላንት ዋናው ንጥረ ነገር ኤቲሊን ግላይኮል እኩል ለእኩል ከውሃ ጋር ሲቀላቀል በተመሳሳይ ግፊት ከንጹህ ውሃ በ7 ዲግሪ ገደማ ዘግይቶ ይፈላል። እንጦጦ ላይ፣ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ፣ ያቺ 7 ዲግሪ ዋጋ አላት።

ከሙቀቱ በላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ዝገቱ ነው። በእውነተኛ ኩላንት ውስጥ ብረትንና አልሙኒየምን ከመበላት የሚከላከሉ ኬሚካሎች አሉ። ያሁን ዘመን ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር ብሎኩ (የታችኛው ዋና አካሉ) የብረት፣ ቴስታታው የአልሙኒየም ነው። ራዲያተሩም አልሙኒየም ነው። ባለቀለም ውሃ ውስጥ ይህ መከላከያ የለም። መጀመሪያ ምንም አታዩም። ቆይቶ ፈሳሹ እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፈናሉ፣ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ያኔ ኩላንቱን ማን እንደሞላው የሚያስታውስ የለም።

አሁን ስለ ቀለም። "ወንድሜ፣ ቶዮታ ቀይ ነው የሚወደው፣ አረንጓዴው ለሌላ መኪና ነው" ሲባል ሰምታችኋል። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው። ፋብሪካው የፈለገውን ይጨምራል፣ አጭበርባሪውም እንደዚያው። ቶዮታ ራሱ ሁለት የተለያየ ኩላንት አለው። ቀዩ ሎንግ ላይፍ በተለምዶ በየ2 ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነው። ሮዙ ሱፐር ሎንግ ላይፍ ደግሞ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ የሚመጣ ነው። ፋብሪካ የሞላው በብዙ ሞዴሎች እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ ይሄዳል። ኒሳን አረንጓዴም ሰማያዊም አለው። ስለዚህ ቀለም አይታችሁ አትግዙ። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱና የሚለውን ዓይነት ጻፉ፣ ጋሎኑ ላይ ያንኑ ፈልጉ። ደህና ጋሎን ኤቲሊን ግላይኮል መሆኑን፣ የተበጠበጠ ወይም ያልተበጠበጠ መሆኑን፣ እንደ አሜሪካኑ ኤኤስቲኤም ዲ 3306 ወይም የጃፓኑን ጄአይኤስ ኬ 2234 ያለ ደረጃ ይጽፋል። "ኩላንት" ብቻ ብሎ የመኪና ሥዕል የለጠፈውን እዚያው ተዉት።

ጋሎኑ ትክክል ሆኖ ውስጡ ውሸት ሲሆንስ? ለዚህ ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ ይበቃል። ተበጥብጦ ከሚሸጠው ጋሎን ግማሽ ስኒ ያህል በሚጣል የፕላስቲክ ዕቃ ቅዱ፣ በደንብ ክደኑት፣ ላዩ ላይ "መርዝ" ብላችሁ ጻፉበት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከምግብ አርቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኩል ለእኩል የተበጠበጠ እውነተኛ ኩላንት ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ካልደረሰ አይረጋም፣ ስለዚህ ጠዋት ፈሳሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የእኔ ጠዋት ሲወጣ ቀይ ድንጋይ ሆኗል። መሃሉ አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል፣ ቀለሙ ወደ ታች ሸሽቶ ላዩ ነጣ ብሏል። አጠገቡ ያሳደርኩት የታመነ ኩላንት ሳዘነብለው ወፈር ብሎ ፈሰሰ። ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ፈሳሽ ሆኖ ከተገኘ ውሃ በዝቶበታል። ሌሊት መብራት ከጠፋ ፍተሻውን ድገሙት።

ይህ ፍተሻ ውሃን ይይዛል፣ የዝገት መከላከያው መኖሩን ግን አያሳይም። ስለዚህ ያልረጋ ሁሉ ምርጥ ነው አትበሉ። ሚዛን ያለው ሱቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ሊትር የተበጠበጠ ኩላንት 1 ኪሎ ከ70 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ውሃ ግን 1 ኪሎ ነው። ባለ 5 ሊትር ጋሎን ላይ ልዩነቱ 350 ግራም ገደማ ስለሆነ በደንብ ይታያል። የባዶውን ጋሎን ክብደት መቀነስ አትርሱ።

ሱማሌ ተራም ሆነ አብነት ለዕቃ ስትወጡ ሐቀኛ ነጋዴ ሞልቷል፣ እሱን ለማወቅ ጥያቄ ጠይቁ። ጋሎኑን ገልብጣችሁ ክዳኑን እዩ። ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ተበጥሶ ተመልሶ በሙጫ የተያዘ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ሲከፈት ጠቅ ካላለ፣ መልሱት። የፋብሪካው መለያ ቁጥር የተፋቀ ከሆነም እንዲሁ። እዚህ ላይ ሁላችንም የምናደርገው ነገር አለ። ባዶ ጋሎን ለቆራሌው ይሸጣል፣ ያገለገለ ዕቃ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ከዚያ ማን እንደሚገዛው አይታወቅም። ኩላንቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ጋሎኑን በቢላ ሰንጥቁት፣ ወረቀቱን ቅደዱት፣ ከዚያ ለፈለጋችሁት ስጡ።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ሌላው ሌብነት የሊትር ነው። ፒካፕ እንደ ሞተሩ ከ7 እስከ 10 ሊትር አካባቢ ይይዛል። የራዲያተሩ የታች ቡሎን ብቻ ሲከፈት ግን ከፊሉ ብሎኩ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዱ ግማሹን አፍስሶ፣ ግማሹን ሞልቶ፣ የሙሉውን ያስከፍላል። የተረፈውን ኩላንት ደግሞ ይዞ ይቀራል። ቆማችሁ እዩ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩም የብሎኩም ማፍሰሻ ይከፈት። የሚወርደው በባልዲ ይለካ፣ የሚገባውም ከዚያ ጋር ይመሳሰል። አሮጌው ቆሻሻ ከነበረ በውሃ ይታጠብ፣ መጨረሻው እጥበት ግን በዲስትልድ (ማዕድን በሌለው የተጣራ) ውሃ ይሁን። ብሎክ ውስጥ የሚቀረው ውሃ አዲሱን ኩላንት ያቀጥነዋልና ጎበዝ መካኒክ ያንን አስቦ ነው የሚሞላው። ሲሞላ ቀስ ይበል፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ ይሁን፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እስኪሞቅ ሞተሩ ይሥራ፣ አየሩ ይውጣ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሪዘርቩን እዩ። ወርዶ ከሆነ እስከ መስመሩ ሙሉት።

ያልተበጠበጠውን ከገዛችሁ የቧንቧ ውሃ አትቀላቅሉበት። በቧንቧችን ውስጥ ያለው ማዕድን፣ በተለይ ከጉድጓድ የሚመጣው፣ ፎስፌት ካለባቸው የጃፓን ኩላንቶች ጋር ተጋግሮ ይዘቅጣል። ዲስትልድ ውሃ ለባትሪ የሚሸጠው ነው። አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። ሳይበጠበጥ ብቻውን መሙላትም አይሆንም፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከቅልቅሉ ያነሰ ነው። መንገድ ላይ ጎድሎ ከተቸገራችሁ ግን፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ንጹህ ውሃ መጨመር ዓይነቱን ከማታውቁት ኩላንት ይሻላል። ስትመለሱ ታስተካክሉታላችሁ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በጨርቅም ቢሆን አትክፈቱ። ፊት ያቃጥላል።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ የምርቱ ስምና ሊትሩ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን ለመጠበቅ የወጣ ነው፣ ደረሰኝ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ የረጋውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከደረሰኙና ከጋሎኑ ጋር ይዛችሁ መጀመሪያ ሻጩ ጋ ሂዱ። እምቢ ካለ የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። እኔ አቤቱታዬን ከነፎቶው አስገብቻለሁ።

አንድ የቀረኝ፣ ልጆች ላሏችሁ። የወረደውን አሮጌ ኩላንት ጋራዦች በሃይላንድ ጠርሙስ ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው፣ በልጅ ላይ ትንሹም አደገኛ ነው። ውሻም ጣፍጦት ይልሰዋል። በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥላችሁን ኩላንት ቤት አታስገቡ። ግቢ ውስጥ ካፈሰሳችሁ በአሸዋ አልብሳችሁ ጥረጉት። ልጅ ቀምሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪያመው አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፣ ጋሎኑንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ያንብበው።