ራሱን ብቻ የሚጠብቅ አምፕሊፋየር

በአምስት ሜትር ጀልባዬ ላይ ያስገጠምኩት የድምፅ መሣሪያ ከገና ሰሞን ጀምሮ ይኸው የሰኔ ዝናብ እስኪገባ ድረስ አገልግሏል። አራቱ ስፒከሮች ጥሩ ናቸው፤ ብሉቱዝ ያለው ቴፕም አላስቸገረኝም። ይህን ግምገማ ያስጻፈኝ ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያደርሰው አምፕሊፋየር ነው፤ በተለይም ሻጩ «የባትሪ መከላከያ አለው» ብሎ ደጋግሞ ያወደሰው ክፍሉ። ያ መከላከያ ለአምፕሊፋየሩ ለራሱ እንጂ ለባትሪዬ እንዳልተሠራ ያወቅኩት ቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ መካከል ቆሜ ነው።

ጀልባዋ የምታድረው ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ፣ በተጎታች ላይ፣ በሸራ ተሸፍና ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ ቢሾፍቱ ለመድረስ ብዙ ስለማይፈጅ፣ የዕረፍት ቀን ሲገኝ ጎትተናት እንወርዳለን። በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ፣ አማቴን ጨምሮ፣ ተሳፍሮ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን፣ ምሳችንን በልተን፣ ሙዚቃችንን ስናዳምጥ ቆይተን፣ የከሰዓቱ ነፋስ መነሣት ሲጀምር ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ሙዚቃው ግን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም፤ ድምፁ እንኳ አልቀነሰም። አማቴ አምፕሊፋየሩ ያለበትን ሳጥን እያዩ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከዘፈን ሌላ ሥራ የለውም?» ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ለሻጩ እንዲያደርሱልኝ በወደድኩ ነበር። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተርን በገመድ ጎትቶ ማስነሣት ቀላል ስላልሆነ፣ የባለቤቴና የእኔ ወንድም እየተፈራረቁ ቀዝፈው ወደ ዳር አደረሱን፤ እዚያም ከሌላ ጀልባ ባትሪ ተውሰን ሞተሩን አስነሣን።

ማታ ቤት ተመልሼ መመሪያውን ከቴስተሩ ጋር ሳስተያይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ሥራ ላይ እያለ 10.5 ከደረሰ ደግሞ ባዶ ይባላል። በመመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል እንደተጻፈው ግን አምፕሊፋየሩ ራሱን የሚያጠፋው ቮልቴጁ ከ10 በታች ሲወርድ ነው፤ በሌላ አነጋገር ባትሪው ባዶ ከተባለ በኋላም ቀሪውን እየላሰ መጫወቱን ይቀጥላል። የሞተሩ ማስነሻ በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ አቅም ያጣል።

ስሌቱም አስቸጋሪ አይደለም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1,200 ዋት ተብሎ የታተመው መሣሪያ፣ መመሪያው ሲገለጥ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ለአንድ ስፒከር 75 ዋት፣ ለአራቱ 300 ዋት ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ለስፒከሮቹ ያደርሳል ብንል፣ በሙሉ አቅሙ ሲጮኽ ከ30 አምፔር በላይ ይስባል። ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ አቅም ስለማይጮኽ አማካዩን ሲሶ እናድርገው፤ 10 አምፔር ነው። ባትሪዬ 60 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 10 አምፔር ሲሳብበት ለስድስት ሰዓት የሚበቃ በመሆኑ ግማሹ በሦስት ሰዓት ያልቃል፤ ከአራቱ ስፒከሮች ሌላ ወፍራሙን ድምፅ እንዲያወጣ ያስገጠምኩት ቤዝ የሚወስደው ሳይቆጠር። የትንሣኤ ሰሞን ምሳ በሦስት ሰዓት የሚጠናቀቅበት ቤተሰብ ደግሞ እኔ አላውቅም። በዚህ ላይ የማስነሻ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ነውና እስከ ታች በተሟጠጠ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ የእኔውም ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ቀድሞው ቻርጅ አይዝም።

«ታዲያ ሁለተኛ ባትሪ ጨምርበት፣ ወንድሜ» ይለኛል ሻጩ በሐሳቤ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ያህል ክብደት ከሞተሩና ከነዳጁ ታንክ አጠገብ፣ በትንሽ ጀልባ የኋላ ጫፍ ላይ ማከል ለእርሱ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሞተሬ ግን ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ በስስ አየር፣ ከባሕር ወለል ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቶ የሚሠራ ነው። የሊቲየም ባትሪ ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፤ ዋጋው ግን አምፕሊፋየሩን ሁለተኛ ጊዜ እንደመግዛት ይሆንብኛል። ሁለተኛውን ባትሪ ማታ ከግድግዳ ሶኬት እንዳልሞላው ደግሞ በእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ልክ የጉዞው ዋዜማ ነው። «ሞተሩን ሳታጠፋ አዳምጥ» የሚል ምክርም ይኖረው ይሆናል፤ የአነስተኛ ሞተር ጄኔሬተር በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ጥቂት አምፔር ብቻ መሆኑን፣ ቤንዚንም በነጻ እንደማይቀዳ እያወቀ። «ድምፁን ቀንሰው» ካለኝ ግን ለዚያማ የድሮው ቴፕ ይበቃኝ ነበር።

የተገላገልኩት ከሌላ ሱቅ በገዛሁት ዕቃ ነው። ቃሊቲ አካባቢ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ለሶላር የሚሸጠውን፣ ቮልቴጅ ሲወርድ መስመር የሚቆርጥ መሣሪያ ከባትሪው ቀጥሎ ገጠመልኝ። በ12.2 እንዲቆርጥ አስተካክለነዋል፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር ለቅጽበት በሚወርደው ቮልቴጅ እንዳይታለል ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ጠብቆ ነው የሚቆርጠው። አሁን ሙዚቃው ሲጠፋ ሞተሩ ይነሣል። ሰውየው በዚያው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በካርቶን የመጣውን ገመድ ልጦ ቢያሳየኝ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ በመሆኑ ባትሪው የሚሰጠው ቮልቴጅ ከፊሉ በመንገድ ሲባክን ከርሟል። ይህችን ትንሽ ሳጥንና ጥቂት ሜትር እውነተኛ መዳብ አምራቹ ራሱ አብሮ ማቅረብ ያቃተው ለምን እንደሆነ፣ «ለጀልባ የተሠራ» ብሎ ተጨማሪ ዋጋ ያስከፈለኝ ሁሉ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ተጨማሪው ዋጋ የተጠየቀው በአብዛኛው ለባሕር ጨው መቋቋሚያ ነው። ቢሾፍቱ ጨዋማ ባሕር የለም። ያለው ፀሐይ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና። እዚህ ላይ ስፒከሮቹን እመሰክርላቸዋለሁ፤ በጋውን ሙሉ ተጥደውበት ነጭ ክዳናቸው አልገረጣም፣ ጎማቸውም አልተሰነጠቀም። ክራርና መሲንቆ በእነርሱ ሲሰማ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይታወቃል፤ ድሮ በነበሩት የመኪና ስፒከሮች ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዘፋኙን ፍለጋ ጆሮ እንቀስር ነበር። እነርሱን ደግሜ እገዛቸዋለሁ። አምፕሊፋየሩን ግን፣ አሁን እንኳ በሰው ሳጥን እየታገዘ ደህና እየሠራ፣ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል፤ ለማንም አልመክረውም።

ቤዙን አስወጥቼዋለሁ። በመኪና ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ አምቀው የሚያጎሉት በሮቹና ጣሪያው ናቸው፤ ክፍት ጀልባ ላይ ግን ተበትኖ ስለሚቀር፣ ብዙ አምፔር እየበላ የሚሰጠን የእግር መንዘር ብቻ ነበር። የእህቴ ልጅ ለሚኒባሱ እንዲወስደው ተስማምተናል፤ እዚያ ቢያንስ በር አለ።