የሕዋስ ሽፋን ቻርት፦ ከደሴ ፒያሳ የተገዛ የትምህርት መርጃ መሣሪያ

ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለ11ኛ ክፍል የባዮሎጂ ትምህርት የገዛሁት ይህ የሕዋስ ሽፋን ቻርት በወረቀት ሳይሆን በባነር ላይ የታተመ ነው። የክረምቱ ጭጋግና ርጥበት የግድግዳ ወረቀትን ሁሉ በሚያጨማድድበት ከተማ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ጽሑፉም ከኋላ ወንበር ይነበባል።

ዋናው ጥንካሬው አወቃቀሩን በጥንቃቄ ማሳየቱ ነው። የሽፋኑ ዋና አካል የሆኑት የስብ ሞለኪውሎች (ፎስፎሊፒዶቹ) በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ውኃ ወዳድ ራሶቻቸው አንዱ ረድፍ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዞረዋል፤ ውኃ የሚሸሹት ጭራዎቻቸው ደግሞ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ኮሌስትሮሉም በጭራዎቹ መካከል በትክክለኛ ቦታው ገብቷል። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የስኳር ሰንሰለቶቹ በውጭኛው ገጽ ብቻ መሳላቸው ነው፤ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚተዋወቁት፣ የኤ እና የቢ የደም ዓይነቶችም የሚለዩት በእነዚህ ሰንሰለቶች ስለሆነ፣ ቦታቸውን የሳተ ሥዕል ተግባራቸውንም ያደበዝዛል።

ቻርቱ የሚደክመው ስለ ሽፋኑ ሥራ ሲያስረዳ ነው። ኦክስጅን በሊፒዱ (በስቡ) መሀል በቀጥታ እንደሚያልፍ በቀስት ቢያመለክትም፣ ውኃ በፍጥነት የሚተላለፍበትንና ፒተር አግሬን እ.ኤ.አ. በ2003 ለኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያበቃውን አኳፖሪን የተባለ የፕሮቲን ቦይ ጨርሶ ዘሎታል። ከዚህ የከፋው ሶዲየምን ከሕዋሱ አውጥቶ ፖታሲየምን በሚያስገባው ፕሮቲን፣ በሶዲየም ፖታሲየም ፓምፑ ሥዕል ላይ ያለው ስሕተት ነው፦ 2 ሶዲየም ወጥቶ 3 ፖታሲየም እንደሚገባ ተጽፏል። ትክክለኛው በአንድ ኤቲፒ (የሕዋሱ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ኃይል 3 ሶዲየም ወጥቶ 2 ፖታሲየም መግባቱ ነው። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ በትርፍ ስለሚወጣ ፓምፑ የሕዋሱን ውስጥ ከውጭው አንጻር ኔጌቲቭ ለማድረግ ያግዛል፤ ቁጥሩን ገልብጦ የያዘ ተማሪ ወደ ነርቭ መልእክት ሲሸጋገር ነገሩ ሁሉ ይምታታበታል።

ሳይንቲስቶቹ ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት፣ ሽፋኑን እንደ ፈሳሽ የሚገልጸው ሞዴል በርእሱ ተጠቅሷል፤ ነገር ግን ሊፒዶቹና ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ወደ ጎን እንደሚንቀሳቀሱ የሚጠቁም አንድ ምልክት እንኳ የለም። ይህን መምህሩ በቃል መሙላት ይኖርበታል።

ባለ መደብሩ ስሕተቱን ሳሳያቸው ለአታሚው ለመንገር ፈቃደኛ ሆነዋል። እስኪታረም ድረስ የሚገዛ መምህር የፓምፑን ቁጥሮች በማይለቅ ማርከር አስተካክሎ ይስቀለው። አነስተኛው የወረቀት ቅጂም ያው ስሕተት ስላለበት፣ ባነሩን መግዛት ይሻላል።